የ45 ቀኑ ክትባት ለእናትም ይሁን

ባሕር ዳር አራስ ጠያቂ አይጠፋም። ገንፎው ይቀርባል፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይባላል፣ ሁሉም ሕፃኑን ያያል። እናቲቱን "አንቺስ?" የሚላት ጥቂት ነው። እኔ ሁለተኛዬን ስወልድ ልጁ ተኝቶ እንኳ አልተኛም ነበር። እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ ትንፋሹን እቆጥራለሁ። "ብርድ ነው፣ አጥሚት ጠጪ" ተባልኩ። ጠጣሁ። ምንም።

ከወሊድ በኋላ ማልቀስ፣ ሆድ መባስ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ካልለቀቀ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ይታከማልም። ልጁን ለ45 ቀን ክትባት ጤና ጣቢያ ስትወስጂ ለነርሷ ስለ ራስሽም ንገሪያት፤ ከከበደሽ ቀድመሽ ሂጂ። "ደክሞኛል" አትበይ፣ እሱን ሁሉም ይላል። "ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ የለኝም፣ ፍርሃት አይለቀኝም" በያት። ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ዕለት ሆስፒታል፣ ብቻሽንም አትሁኚ።

ስትጠነክሪ ልጁን ለእህትሽ ትተሽ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ጣና ዳር ትንሽ ተራመጂ። ነጠላሽን እስከ ጆሮሽ ተከናንበሽ፣ አክስቶች እንዳይቆጡ።