የአዞ ሐረግ ቅጠል ለምን ያራል?

መጋቢት ሲገባ ጎንደር ውስጥ አዞ ሐረግ የተከለ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፦ «ቅጠሉ ለምን አረረ?»

ሐረጉ የአገራችን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ክሌማቲስ ሲመንሲስ ነው፤ የስሜን ተራሮችን ስም ይዟል። ጫካ ውስጥ ሥሩ ጥላ ላይ ነው፤ ጫፉ ዛፍ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። እኛ ግን ቆርቆሮ አጥር ሥር እንተክለዋለን።

የቅጠሉ ዳር አሮ መሃሉ አረንጓዴ ከሆነ ሥሩን እዩ። አዘዞ አንዲት እናት ቤት ሄጄ ነበር። «ልጄ፣ በየቀኑ አጠጣዋለሁ እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በየቀኑ አንድ ጣሳ፣ ያውም ቅጠሉ ላይ። ዋልካው አፈር ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። ላዩ ረጥቧል፣ ከሥር እንደ ሸክላ ደርቋል። ቆርቆሮው እጅ አያስነካም። ቆፈር ሳደርገው ደግሞ ችግኙ የመጣበት ጥቁር ፕላስቲክ ብቅ አለ! ሥሩ እዚያው ውስጥ ተጠምጥሟል። ችግኝ የምትሸጡ ሰዎች፣ ስትሸጡ «ፕላስቲኩን ቅደዱት» ማለት ምን ይከብዳል?

ፕላስቲኩን በቢላ ሰንጥቄ ቀስ ብዬ አወጣሁት። ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ማታ ማታ፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀስ እያሉ ሥሩ ላይ እንዲያፈሱ ነገርኳቸው። ውኃ በፈረቃ ከሆነባችሁ አትክልት የታጠበበትም ይሆናል። የሳሙና ውኃ ግን አታስጠጉት። የጤፍ ጭድ አራት ጣት ያህል አነጠፍን። ጭዱ ግንዱን እንዳይነካ፤ ይበሰብሳል። በፀሐይ በኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ አቆምን፤ ሐረጉን ከቆርቆሮው አንድ ክንድ አርቀን በእንጨት ወደ ላይ መራነው። ያረረው ቅጠል አይመለስም፣ አትጠብቁት። የእሳቸው በሦስተኛው ሳምንት ቀንበጥ አወጣ። ደውለው ሲነግሩኝ ደስታዬ ልዩ ነበር።

ትኩስ እበት ሥሩ ላይ የምትከምሩ፣ ዩሪያ በእፍኝ የምትበትኑ፣ እባካችሁ ተዉ። እሱም ዳሩን ያሳርረዋል። ካደረጋችሁት እበቱን ጥረጉ፣ ዩሪያውን በብዙ ውኃ እጠቡ።

በክረምት ቡናማ ነጠብጣብ ካወጣ ብዙ ጊዜ ሻጋታ ነው፤ የታመመውን ልቀሙ፣ አየር እንዲገባው አሳሱት።

ደህና የነበረ ቅርንጫፍ በድንገት ጠውልጎ ከጠቆረ እስከ ጤነኛው ድረስ ቁረጡ፣ ቢላውን በአልኮል ጥረጉ። ይሄ ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው ትልልቅ አበባ ያለውን የውጭውን ክሌማቲስ ነው።

ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ። ፈሳሹ ቆዳ ያቆስላል። በዚያ እጅ ዓይናችሁን አትንኩ፤ ልጆችም ቁራጩን እንዳይጫወቱበት ወዲያው አንሱት።