ቱሳን 1.6 ተርቦ ቤንዚን፦ ጉልበት ሲያጣ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ዘይት ሲበላ ተርቦ ከመቀየራችሁ በፊት የምታዩት

ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ያለው ቤንዚን መኪና ትንሽ ካስቸገረ የመጀመሪያው ፍርድ ሁሌ "ተርቦው ሄዷል" ነው፣ ይሄ ነገር በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም ሰው ስንት ብር ከስክሶ ተርቦ ያስቀይርና ችግሩ እዛው ቁጭ ብሎ ያገኘዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ወይ ማኒኮቶ (የአየር ጎማ ቱቦው) ነው፣ ወይ ካንዴላና ቦቢና (እሳት የሚሰጡት)፣ ወይ ዘይት። ተርቦው እውነትም ሞቶ ቢሆን እንኳን የገደለው ሌላ ነገር አለ፣ እሱ ካልተገኘ አዲሱንም ይበላዋል።

መጀመሪያ ሞተሩን እንወቀው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሶስተኛው ትውልድ የሃዩንዳይ ቱሳን ላይ ያለው 1.6 ተርቦ 1591 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር ነው፣ ጉልበቱ 177 የፈረስ ጉልበት፣ ቶርኩ 265 ኒውተን ሜትር ሆኖ ከ1500 ዙር ጀምሮ እስከ 4500 ድረስ ይሰጣል። ቤንዚኑን ቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው የሚረጨው፣ ታይሚንጉ በቺንጋ ሳይሆን በካቴና ነው የሚዞረው። እና አንድ የማይረሳ ነገር፣ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሶስት አራተኛ ገደማ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ዝም ብሎ ይደክማል፣ ይሄኛው ግን ኮምፒውተሩ የጎደለውን አየር ለመሙላት ተርቦውን የበለጠ ያሽከረክረዋል፣ ስለዚ ትንሽ የአየር ማምለጫ ካለ ቆላ ላይ ሳይታወቅ የቆየው ፒያሳ ዳገት ላይ ይጋለጣል።

ጉልበት አጣ፣ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ቼክ ኢንጂን በራ

ኮምፒውተር ሲነበብ ብዙ ጊዜ ፒ0299 ይመጣል። ይሄ ኮድ የሚለው የተፈለገው ግፊት አልመጣም ነው፣ ተርቦው ተበላሸ አላለም! መጀመሪያ ከተርቦው ወደ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው)፣ ከኢንተርኩለር ወደ ሞተር የሚሄዱትን ማኒኮቶዎች በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ እዩ፣ በተለይ ፋሸታ (ማሰሪያው ቀለበት) የታሰረበት ቦታና ከታች በኩል ያለው መታጠፊያ። እዛ አካባቢ እርጥብ ዘይትና የተጠራቀመ አቧራ ካለ አየር በዛ እየወጣ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩን አስነስቶ በቆመበት ሳሙና መቀባት ብዙም አይረዳም፣ መኪናው ቆሞ ሲሰራ ማኒኮቶው ውስጥ ግፊት ስለሌለ ቀዳዳው አይከፈትም፣ ጭስ ማሽን ያለው ጋራዥ ፈልጉ፣ ከሌለ በዝቅተኛ ግፊት አየር ሞልቶ ማዳመጥ ነው። መፍትሄው ማኒኮቶ ወይ ፋሸታ መቀየር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ማኒኮቶው ደህና ከሆነ ቀጥሎ ዌስትጌቱን (የተርቦውን ግፊት የሚቆጣጠረውን በር) እዩ፣ ዘንጉ ተጣብቆ ወይ ላልቶ ከሆነ ግፊት ያመልጣል፣ ላልቶ ሲሆን ነዳጅ ስትለቁ ከተርቦው በኩል የቆርቆሮ አይነት ድምፅ ይሰማል። ከዛ የአየር ፊልትሮ፣ ከዛ የግፊት ሴንሰሩ። ተርቦውን መፍታት የመጨረሻው ነው፣ ሲፈታም ዘንጉን በእጅ አነቃንቁት፣ ወደ ጎን በጣም ትንሽ ቢነቃነቅ ያለ ነገር ነው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ወይም ክንፉ ቤቱን ፍቆት ከሆነ ግን አዎ፣ ያኔ ተርቦው አልቋል።

ሲነሳ ያመነታል፣ ይንገጫገጫል

ከለገሀር በቸርችል ጎዳና ወደ ላይ በትራፊክ ስትሳቡ መኪናው ሲነሳ የሚያመነታና የሚንገጫገጭ ከሆነ፣ አንዳንዴም የሽታ ነገር ካለው፣ ሞተሩን ተውት። ከዚህ ሞተር ጋር የሚመጣው ሰባት ማርሽ ካምቢዮ ደረቅ ሁለት ፍሪሲዮን ያለው ነው፣ እንደ ድሮው አውቶማቲክ በዘይት የሚንሸራተት አይደለም። ዳገት ላይ በነዳጅ ብቻ አንጠልጥሎ ማቆም ፍሪሲዮኑን ያቃጥለዋል፣ በፍሬን ያዙት፣ ከፊታችሁ ቦታ ሲከፈት አንዴ ሂዱ። ካልቀረለት ካምቢዮ የሚያነብ ኮምፒውተር ያለው ሰው ጋር ውሰዱት፣ የማስተካከያ ሶፍትዌርና የፍሪሲዮን ልኬት አለው።

ይንቀጠቀጣል፣ ቼክ ኢንጂኑ ብልጭ ድርግም ይላል

ብልጭ ድርግም ካለ ቶሎ ረገብ አድርጋችሁ ንዱ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊስቱን (ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ) ያቀልጠዋል። ኮዱ ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ከሆነ የመጨረሻው ቁጥር ሲሊንደሩን ነው የሚናገረው። ለምሳሌ ፒ0302 ከሆነ የሁለተኛውን ቦቢና ከሶስተኛው ጋር አቀያይሩት፣ ኮዱ አብሮ ከሄደ ቦቢናው ነው፣ ካልሄደ ካንዴላውን በዛው ዘዴ ሞክሩ። ተርቦ ሞተር ውስጥ ግፊቱ ከፍ ስለሚል ካንዴላው ትንሽ ሲበላ እሳቱ መዝለል ያቅተዋል፣ ስለዚ ቆሞ ደህና የሆነው ስትረግጡት ይቆራረጣል።

ሁለቱም ደህና ከሆኑና በተለይ ጠዋት ጠዋት ከሆነ የሚንቀጠቀጠው፣ የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹ ላይ ካርቦን ተጋግሮ ሊሆን ይችላል። ቤንዚኑ ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ ቫልቩን የሚያጥበው ነገር የለም፣ ነዳጅ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃም እዛ አይደርስም፣ እባካችሁ በሱ ብር አትጨርሱ። ማኒፎልዱ ተፈቶ በእጅ ወይ በማሽን መጽዳት አለበት።

ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ

ጭሱን መቼ እንደሚያመጣ እዩ። ስትረግጡት ሰማያዊ ከሆነ የፒስቶን ፋሻ (ፒስቶኑ ላይ ያለው ቀለበት) ጥርጣሬ አለ፣ ብዙ ቆሞ ሰርቶ ስትነሱ አንዴ ቦግ ካለ የቫልቭ ጎሚኒ (ቫልቩ ላይ ዘይት የሚያግደው ጎማ) ወይም ተርቦ። ግን ከሁሉም በፊት የሞተሩን መተንፈሻ ቫልቭ አስፈትሹ፣ ርካሽ ነው፣ ሲዘጋ ሞተር ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከተርቦው የሚመለሰውን ዘይት ስለሚያግደው ጤነኛ ተርቦ ዘይት መትፋት ይጀምራል። ነጭ ጭስ ሆኖ የራዲያተር ውሃ ከጎደለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ራስ ስር ያለው ማሸጊያ) ነው የሚጠረጠረው፣ ክረምት ጠዋት ላይ ለትንሽ ደቂቃ የሚታየው እንፋሎት ግን ምንም አይደለም።

ዘይቱ ላይ እኔ ድርድር የለኝም። የከተማ ውስጥ ነዳ ቆም ማንዋሉ ራሱ ከባድ አጠቃቀም የሚለው ነው፣ ስለዚ በ5000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ፣ 10 ሺህ ይሄዳል የሚላችሁን አትስሙ። ጣሳው ላይ ኤፒአይ ኤስፒ (API SP) የሚል ፈልጉ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የመጣ ደረጃ ሲሆን በዝቅተኛ ዙር ስትረግጡ ቤንዚኑ ካንዴላው ሳይተኩስ ቀድሞ እንዳይፈነዳ ጭምር ተፈትኖ ነው የሚያልፈው፣ ያ ፍንዳታ ፒስቶን ይሰብራል። ዘይት በጊዜው የማይቀየርለት ሞተር ካቴናውም ይላላል፣ ወጣሪው በዘይት ግፊት ነው የሚሰራው፣ ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚንኳኳ ከሆነና ፒ0016 (የታይሚንግ አለመገጣጠም ኮድ) ከመጣ ሳትውሉ ሳታድሩ አስከፍቱት፣ ካቴና ከዘለለ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ።

ተርቦው ራሱ መቀየር ካለበት

ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው፣ ወርዳችሁ ያገለገለ ከገዛችሁ ያንኑ የዘንግ ፍተሻ እዛው ሱቁ በር ላይ አድርጉ። ሲገጠም ዘይት የሚያመጣው ቀጭን ቱቦ አብሮ ይቀየር፣ ውስጡ የተቃጠለ ዘይት ስለሚጋገር አሮጌውን ተርቦ ያደረቀው እሱ ሊሆን ይችላል። ኢንተርኩለሩ ውስጥ የተጠራቀመው ዘይት ተደፍቶ ይታጠብ፣ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ይቀየር፣ ሞተሩ ሳይነሳ በፊት ተርቦው ውስጥ ትንሽ ዘይት ይንጠብጠብበት፣ ከዛ ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሳይረገጥ ጥቂት ደቂቃ ይስራ።