አሮጌ ዉርሊትዘር ፒያኖ እንዴት ይጸዳል፣ እንዴትስ ይቃኛል?

ዉርሊትዘር ኤሌክትሮኒክ ፒያኖ ውስጥ ክር የለም፣ ኮምፒውተርም የለም። ቁልፉን ስትጫኑ ትንሽ መዶሻ ከስር ተነስታ ስስ የብረት ምላስ ትመታለች። ይህ ምላስ ሪድ ይባላል። ሪዱ ሲርገበገብ አጠገቡ ያለው ፒካፕ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፣ ስፒከሩ ደግሞ ያሰማናል። በብዛት የሚፈለጉት 200 እና 200ኤ የሚባሉት ባለ 64 ቁልፍ ሞዴሎች ናቸው። 200ኤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን ምርቱ የቆመው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ እጃችሁ የሚገባው ፒያኖ አርባ ዓመት ያለፈው ነው፣ ምናልባትም ብዙ ሰው ነካክቶታል።

እኔ እንዳየሁት እነዚህን ፒያኖዎች ከዕድሜ ይልቅ የሚጎዳቸው የቸኮለ እጅ ነው። በተለይ ቅኝት ላይ። ስለዚህ ሌላውን ቶሎ ቶሎ ብዬ አልፌ እዚያ ላይ እቆያለሁ።

ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት

አብዛኞቹ የተሠሩት ለ110 እስከ 120 ቮልት ነው። ቤታችሁ ያለው 220 ከሆነና በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። ፒያኖው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ፣ ከተጠራጠራችሁ አትሰኩ። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ስትገዙ ፒያኖው ከሚፈልገው በላይ ዋት የሚችል ይሁን፤ እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አያዋጣም። ገመዱ ከተሰነጣጠቀ ሳታመነቱ ቀይሩት።

መክፈትና ማጽዳት

የክዳኑን ብሎኖች ፍቱና ቀስ ብላችሁ አንሱት። አንዳንዶቹ ላይ ስፒከሮቹ ክዳኑ ላይ ስለሚታሰሩ ድንገት ካነሳችሁት ሽቦ ይበጠሳል። ስትመልሱትም ብሎኑን ከመጠን በላይ አታጥብቁ፣ ያረጀ ፕላስቲክ በቀላሉ ይሰነጠቃል።

አሁን ይህን በደንብ ስሙኝ። ፒካፖቹ ላይ 150 ቮልት ገደማ አለ። ከሶኬት ብትነቅሉትም ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ውስጥ ለጊዜው ይቆያል። ንቀሉ፣ በርከት ያሉ ደቂቃዎች ጠብቁ፣ ከዚያ በቴስተር ለኩ። ዜሮ አካባቢ ሳይደርስ እጃችሁን አታስገቡ። ቴስተር ተጠቅማችሁ የማታውቁ ከሆነ ክዳኑን መልሱና ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ እያነሳችሁ በቫኪዩም ሳቡት። ቁልፎቹን በትንሹ እርጥብ በሆነ ጨርቅ ጥረጉ። የፌልት ጨርቆቹን ብል በልቷቸው እንደሆነ ተመልከቱ። ሪዶቹ ላይ ግን ምንም ዓይነት የሚረጭ ነገር፣ ዘይትም ሆነ ማጽጃ፣ እንዳታደርሱ። ካፓሲተሮች፣ ቮሊዩም፣ ሌላውም ወደ ኋላ ይመጣል።

ጥፋቱ የት ነው?

ከታች እስከ ላይ እያንዳንዱን ቁልፍ እኩል ምቱና የሚያጠራጥረውን ጻፉ። ሪዶቹ የሚርገበገቡት በፒካፑ ጥርስ መሀል ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ነው። እዚያች ክፍተት ውስጥ አንዲት የብረት ብናኝ ከገባች ፒያኖው መንጣጣት ይጀምራል፤ ሪዱ ፒካፑን ከነካ ደግሞ ድምፅ ይጠፋል። ሰው ይህን ሲሰማ አምፕሊፋየሩ ተበላሽቷል ብሎ ብዙ ገንዘብ ያወጣል። መጀመሪያ አጥፉት፣ ከሶኬት ንቀሉ፣ እንደ በፊቱ ለኩ፣ ከዚያ ቀጭን ወረቀት በሪዱ ዙሪያ በክፍተቷ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ቅኝት

እያንዳንዱ ሪድ ጫፉ ላይ እብጥ ያለች ሊድ (ሽቦ የሚበየድበት፣ በቀላሉ የሚቀልጥ ብረት) አለችው። ቅኝቱ የሚወሰነው በሷ ክብደት ነው። ሊዱ በሞረድ ሲቀነስ ሪዱ ስለሚቀል ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲጨመር ይወፍራል። ሐሳቡ ይኸው ነው። ችግሩ ሞረዱ የወሰደውን ሊድ መመለስ በጣም አድካሚ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሞረድ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

መጀመሪያ ሪዱን የያዘችውን ብሎን አረጋግጡ። ላላ ካለች ድምፁ ይወርዳል፣ ቶሎም ይሞታል። ልክ መጠኑ ያለው ካቻቢቴ ተጠቀሙ፤ ሰፊ ወይም ጠባብ ከሆነ የብሎኗን ራስ ይበላዋል። ጠበቅ አድርጋችሁ እንደገና ስሙ። ቅኝት የጠፋበት የመሰለው ሪድ በዚህች ብቻ ወደ ቦታው ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሪዱ ክፍተቷ ውስጥ መሀል ለመሀል መሆኑንም እዩ፤ ካጋደለ ብሎኗን ትንሽ አላልታችሁ አስተካክሉትና መልሳችሁ አጥብቁ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የመሰንጠቅ አደጋ ላይ ያለ ሪድ ሳይሰበር በፊት ድምፁ እየወረደ ይሄዳል። ሪዱ ሲመታ ሲመታ ብረቱ ይደክማል፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይጀምራል፣ ድምፁም ይወርዳል። አንድ ቁልፍ ብቻውን ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ከወረደና ብሎኑም ጥብቅ ከሆነ ሞረዱን አስቀምጡት። ሊዱን ብትቀንሱለት ለሳምንት ያህል ልክ ይመስላል፣ ከዚያ እንደገና ይወርዳል፣ በመጨረሻም መሀል ዘፈን ላይ ቀጭ ይላል። የዚያ መድኃኒቱ አዲስ ሪድ ነው። ዛሬም አዲስ ሪድ የሚሠሩ አሉ። ስትገዙ ግን የፒያኖውን ሞዴልና የሪዱን ቁጥር በትክክል ንገሯቸው፣ ሪድ በቦታው ካልሆነ አይሠራም።

ይህን ሁሉ አልፋችሁ መሞረድ ግድ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። ፒያኖው ከሶኬት እንደተነቀለ ይቆይ፤ ሪዱ ያለ ኤሌክትሪክም በደካማው ይሰማል። ስልካችሁ ላይ ያለውን መቃኛ አፕ መነሻ ድምፁን 440 ኸርዝ ላይ አድርጉና አስጠጉት። ሞረዱ ጥቃቅን ጥርስ ያለው፣ ትንሽና ጠፍጣፋ ይሁን። ሊዷን ከላይ በኩል፣ ቅርጿን ሳታጠፉ፣ አንዴ ሁለቴ ብቻ እሹት። ከዚያ አቁሙ። ሲታሽ ስለሚሞቅ ድምፁ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ሳይቀዘቅዝ ብትለኩ ይሸውዳችኋል። ይቀዝቅዝ፣ ምቱት፣ ስሙ፣ እንደገና አንዴ ሁለቴ። ሞረዱ ብረቱን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ሪዱ ላይ የምትቀር ጭረት ሪዱ ነገ የሚሰበርበት ቦታ ትሆናለች። የቫኪዩሙን አፍ አጠገቡ አድርጉ፣ ብናኙ ክፍተቷ ውስጥ ከገባ ቅድም ያልኩት መንጣጣት ይመጣል። ሊድ መርዛማ ስለሆነ ከጨረሳችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ሥራ ላይ እያላችሁም ምግብ አትቅመሱ።

ሊድ መጨመር ካስፈለገ ሪዱን ፈትታችሁ አውጡት። ቦታው ላይ እያለ የሊድ ማቅለጫ ካውያ አታስጠጉበት። እኔ የገዛሁት ፒያኖ ላይ ከኔ በፊት የነበረ ሰው ይህንኑ አድርጎ ኖሯል። የቀለጠች ጠብታ በሁለት ሪዶች መሀል ወርዳ ፒካፑ ጥርስ ላይ ተጋግራ ነበር፤ ሁለቱም ድምፅ አልነበራቸውም። ያቺን የምስር ፍሬ የምታክል ጠብታ ፒካፑን ሳይጎዱ መቅረፍ ሙሉውን ፒያኖ ከመቃኘት በላይ ያስለፋል። አውጥታችሁ ትንሽ ጨምሩበት፣ ከሚፈለገው ትንሽ እንዲበልጥ አድርጉ፣ መልሳችሁ እሰሩ፣ ከዚያ በሞረድ ቀስ እያላችሁ ወደ ልኩ አምጡት።

ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ። ጆሮ ሲደክም የተበላሸው ልክ ይመስላል።

የቀረው

ቮሊዩሙ ሲዞር ከተንጫጫ ለኤሌክትሪክ ዕቃ የተሠራ ማጽጃ በትንሹ ወደ ውስጡ ርጩና ደጋግማችሁ አዙሩት። ሳትጫወቱም እምም የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ያረጁት ካፓሲተሮች የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው። እነሱን መቀየር የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ሥራ ነው፣ እኔም የራሴን ያስቀየርኩት በባለሙያ ነው። ግን ሲቀይርላችሁ የድሮዎቹን ዕቃዎች ሁሉ አውጥቶ በአዲስ ልተካ ካለ እሺ አትበሉ። ያረጀውን ብቻ ይቀይር፤ የዚህ ፒያኖ ድምፅ ግማሹ ያለው እዚያው አምፕሊፋየሩ ውስጥ ነው።

ፔዳሉ ከፒያኖው ጋር የሚገናኘው በኬብል ነው። ፔዳሉን ሳትረግጡ ድምፁ የማይቆም ከሆነ ኬብሉ ከመጠን በላይ ተወጥሯል፤ ረግጣችሁም ድምፁ የማይረዝም ከሆነ ላልቷል።

ከቦታ ወደ ቦታ ስታንቀሳቅሱት እግሮቹን ፍቱ። ክብደቱ 25 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሁለት ሰው ይበቃዋል። በጎኑ አታቁሙት፣ አዲሱ ቦታ ላይ ደግሞ ከመስኮት ፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡት። ስትጫወቱ ድምፁ ካነሳችሁ ቮሊዩሙን ጨምሩ እንጂ ቁልፉን አትደብድቡ፣ ሪድ የሚሰብረው እሱ ነው።