ድሮ ዕቃ ይሸጥልን የነበረው የፌስቡክ ፔጅ ምን ነካው?

የጫማና የቦርሳ ሱቆችን፣ የሐበሻ ቀሚስ ሰሪዎችንና አንድ ሁለት ካፌዎችን ፔጅ አስተዳድራለሁ። ስልኬ የሚጮኸው ሁሌም ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። የሚሉኝም ያው ነው፦ «አልጎሪዝሙ ተቀየረ መሰለኝ።» ፌስቡክ የትኛውን ፖስት ለማን እንደሚያሳይ የሚመርጥበትን ስሌት ማለታቸው ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የተቀየረው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ምንም ከመነካካታችሁ በፊት የቱ እንደቀነሰ ለዩ። የሚያየው ሰው ነው? የሚጠይቀው ነው? ወይስ ጠይቆ የሚገዛው? ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አይገናኝም።

«40 ሺህ ተከታይ አለን፤ ፖስታችንን የሚያየው ግን ጥቂት መቶ ሰው ነው»

ይህ የዛሬ ችግር አይደለም። ፌስቡክ ከድርጅት ፔጅ ይልቅ የጓደኛና የቤተሰብ ፖስት እንደሚያስቀድም በይፋ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ ቲክቶክ መጣ። እሱ ማንን እንደምትከተሉ ብዙም ግድ የለውም፤ የትኛው ቪዲዮ ላይ እንደቆያችሁ ነው የሚያየው። ሌሎቹም በዚያው መንገድ ሄዱ። የተከታይ ቁጥር ከደንበኛ ቁጥር ጋር የተለያየው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ግን አረጋግጡ። ኢንሳይት (የፔጁ ተመልካቾች መረጃ የሚታይበት ክፍል) ውስጥ ገብታችሁ ተከታዮቻችሁ የት አገር እንደሚኖሩ እዩ። ሱቃችሁ መገናኛ ሆኖ ግማሹ ተከታይ ምንም ከማትሸጡበት አገር ከሆነ፣ የሆነ ሰው በሆነ ዘመን ላይክ ገዝቶላችኋል። ማን እንደሆነ ለማወቅ አትድከሙ፤ ሥራውን ለቆ ሄዷል። የተገዛው ከበዛ አዲስ ፔጅ መክፈት ይሻላል። ይቆጫል፣ አውቃለሁ።

«ቲክቶክም ገባን፤ አልሠራም»

ገብቼ ሳይ ያው የፌስቡኩ ፖስተር ነው፤ ከኋላው ዘፈን ተጨምሮበታል። ፖስተር ቆሞ የሚያይ ሰው የለም። ስልካችሁን ያዙና መስሪያ ቦታው ግቡ። ቆዳው ሲቆረጥ፣ ሶሉ ሲለጠፍ፣ ጥለቱ ሲሰፋ ቅረጹ። አንድ ጫማ ሰሪ ደንበኛዬ እውነተኛ ቆዳንና «ሌዘር ነው» ተብሎ የሚሸጠውን ፕላስቲክ ጎን ለጎን አስቀምጦ በአውራ ጣቱ ሲጫን ቀረጽነው። ቆዳው እንደ ሰው ገላ ይሸበሸባል፤ ፕላስቲኩ ጎድጎድ ብሎ ይመለሳል። መብራትም አልነበረንም፣ ድምፁም የግራይንደር ነው። ዓመቱን ሙሉ ካሠራነው ፖስተር ይልቅ ደዋይ ያመጣው እሱ ነው።

በኤአይ የተሠራ የጫማ ፎቶ የምትለጥፉም አላችሁ። ደንበኛው መጥቶ «እንደ ፎቶው አይደለም» ሲል ምን ልትሉት ነው?

«ላይክና ኮሜንት ሞልቷል፤ ሽያጭ የለም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ነገር ማን እንደጀመረው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሰውየው ዋጋውን በኮሜንት ይጠይቃል። «ኢንቦክስ ያድርጉ» ይባላል። ኢንቦክስ ያደርጋል። መልሱ በማግስቱ ይመጣል፤ እሱም «ይደውሉልን» የሚል ነው። በዚህ መሃል ዋጋውን ከጻፈው ጎረቤት ሱቅ ገዝቷል።

«ተፎካካሪ እንዳያየን ነው» ትሉኛላችሁ። ተፎካካሪያችሁ ዋጋችሁን ሰው ልኮ ጠይቆ ካወቀው ቆይቷል። ያላወቀው ገዢው ብቻ ነው። የዕቃው ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ከሆነ «እስከ ቅዳሜ ድረስ በዚህ ዋጋ» ብላችሁ ጻፉ። ስልክ ቁጥር፣ የሱቁን ቦታ በሚታወቅ ምልክት፣ ዴሊቨሪ ስንት እንደሆነ፣ በቴሌብር መክፈል እንደሚቻል እዚያው ፖስቱ ላይ ይሁን። ከዚያ ኢንቦክስ የሚመልስ አንድ ሰው መድቡ። «ሁላችንም እናየዋለን» ማለት ማንም አያየውም ማለት ነው።

«በዚያው ብር ቡስት እናደርጋለን፤ ውጤቱ ግማሽ ሆነ»

ቡስት ማለት ከፍሎ ፖስቱን ለብዙ ሰው ማሳየት ነው። ሒሳቡን አስሉ። ማስታወቂያው የሚከፈለው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ 100 ብር አልፏል። የድሮው ብር የድሮውን ዶላር አይገዛም፤ አልጎሪዝሙ ምንም አላደረጋችሁም። ዶላሩን የሚከፍልላችሁ አገናኝ ካለ ደግሞ የእሱም ኮሚሽን አለ።

ሁለተኛው ምክንያት ራሱ ቡስት የሚለው ቁልፍ ነው። ዓላማውን ሳትመርጡ ዝም ብላችሁ ከተጫናችሁት ላይክ ማድረግ የሚወድ ሰው ፈልጎ ያመጣላችኋል። መልእክት ወይም የስልክ ጥሪ የሚለውን ምረጡ። ቦታውንም ከመላው ኢትዮጵያ ወደምታደርሱበት ከተማ አጥብቡት።

ወደ አሜሪካ ቀሚስ ወይም በርበሬ የምትልኩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። አፕል እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 መተግበሪያዎች ተጠቃሚውን ከመከታተላቸው በፊት ፈቃድ እንዲጠይቁ አስገደደ። ብዙ ሰው «አልፈቅድም» አለ። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ራሱ ይህ ለውጥ በ2022 ብቻ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያሳጣው ገምቶ ነበር። ስለዚህ አይፎን ይዛ ቨርጂኒያ ያለችው እህታችን ከዌብሳይታችሁ ስትገዛ ማስታወቂያው ላያውቀው ይችላል። ለየማስታወቂያው የተለያየ የቅናሽ ኮድ ስጡና በኮዱ ቁጠሩ። እዚሁ በስልክና በኢንቦክስ ለምትሸጡ ይህ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር አይደለም።

የዌብሳይታችሁን ጎብኚ የሚቆጥረው የጉግል አናሊቲክስ ሪፖርት ባዶ ከሆነ፣ አሮጌው ስሪት ከጁላይ 2023 ጀምሮ መረጃ መሰብሰብ አቁሟል። አዲሱን ስሪት፣ ጂኤ4ን፣ አስገቡ፣ አለቀ።

«አንድ ጠዋት ፔጁ የለም»

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው የሚያሳፍር ነው፦ ፔጁን የከፈተው ልጅ በራሱ አካውንት ከፍቶት፣ ደሞዝ ላይ ሳትስማሙ ሄዷል። ዛሬውኑ ባለቤቱ ራሱ አድሚን ይሁን፣ ሌላ አንድ የሚታመን ሰው ይጨመር፣ የሁሉም አካውንት በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይቆለፍ።

ሁለተኛው ከእጃችሁ ውጪ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲዘጉ አምስት ወር ያህል ቆየ። ቪፒኤን የሚጠቀም ደንበኛ ቢኖርም ማስታወቂያው ሌላ አገር ያለ ሰው አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። በዚያ ጊዜ ከደንበኞቼ ብዙም ሳትደናገጥ የሠራችው አንዲት ቀሚስ ሰሪ ነበረች። የልኬት ደብተር አላት፤ ስም፣ ስልክ፣ ቁመት፣ ወገብ፣ የወደዱት ጥለት። ለፋሲካ ከደብተሩ እያየች ደወለች።

እናንተም ቁጥር ያዙ። ግን አስፈቅዱ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ሰውም ሳይጠየቅ በሚላክ ኤስኤምኤስ ተሰላችቷል። ዕቃውን ስታስረክቡ «አዲስ ሲገባ ልደውልልዎ?» በሉ። እሺ ካሉ ጻፉት፤ የወደዱትን ቀለምም አብራችሁ ጻፉ።