የሰው ሕመም ሲሰሙ ለሚውሉ

ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ማታ ማታ ከሱቅ ሲመለሱ ለልጄ ዳቦ ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው ያመጡላታል፤ እሷም የውጭውን በር ድምፅ ስትሰማ ትሮጣለች። አንድ ማታ እንደ ልማዷ ልትሮጥ ስትል እጇን ይዤ ወደ ውስጥ ጎተትኳትና በሩን ዘጋሁት። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ደጃፌ ላይ ጠብቀው "ምነው ልጄ፣ ያስቀየምኩሽ ነገር አለ?" አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ሰውዬው ምንም አላደረጉም። እኔ ግን ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶችና ሕፃናት ሳነጋግር ሁለት ዓመት ሞልቶኛል፤ ከሰማሁት ውስጥ ደግሞ በከረሜላ የጀመረ ስንት ታሪክ አለ።

ድካም መሰለኝ። ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ሐዋሳ ሄጄ ዓሣ በላሁ፣ አሥር ቀን ጠግቤ ተኛሁ። ስመለስ ድካሙ ለቆኛል። ጋሼን ግን አሁንም አላምናቸውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የያዛችሁን ነገር ለዩት። ሦስት ነገሮች ይምታታሉ። በርን አውት የሚባለው ሥራ ሲበዛ፣ አለቃ ሲያስመርር፣ ሪፖርት ሲከመር የሚመጣው መንገሽገሽ ነው፤ ባንክ የሚሠራውንም መምህሩንም ይይዛል። የርኅራኄ መዛል ሌላ ነው፦ ተገልጋይዋ ፊታችሁ ታለቅሳለች፣ እናንተ የግድግዳውን ሰዓት ታያላችሁ። "ዛሬ ባትመጣ" ብላችሁ ትመኛላችሁ። ወይም በሆዳችሁ "ይቺማ ምን ሆነች፣ የትናንትናዋን ባየሽ" ትላላችሁ (ይህን ያላለ ባለሙያ ካለ እጁን ያውጣ)። ሦስተኛው የሰው ትራውማ (ከከባድ አደጋ ወይም ጥቃት በኋላ የሚቀር የአእምሮ ቁስል) ወደ ራስ ሲጋባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ማካንና ፐርልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካዊያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ስም ሰጡት። እሱ ስሜትን ብቻ ነክቶ አይተውም፤ ሰው ይታመናል ወይ፣ ቤት ውስጥ ደኅና ነኝ ወይ የሚለውን እምነታችሁን ይለውጠዋል። የመጀመሪያውን ፈቃድ ያቃልለዋል። ለሦስተኛው ግን ሐዋሳም አይበቃም፣ እኔን አይታችኋል።

የትኛው እንደያዛችሁ ግራ ከገባችሁ ፕሮኮል (ProQOL) የሚባል መጠይቅ አለ። በነፃ ይገኛል። ሠላሳ ጥያቄ ነው፤ ያለፉትን 30 ቀናት እያሰባችሁ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ትሰጣላችሁ። ከሥራው የምታገኙትን እርካታ፣ በርን አውትንና ከሰው የተጋባውን ትራውማ ለየብቻ ይነግራችኋል። በየክፍሉ 22 እና ከዚያ በታች ዝቅተኛ፣ 42 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። ምርመራ አይደለም፣ ቴርሞሜትር ነው በሉት። እኔ በየሦስት ወሩ እሞላዋለሁ። ዋናው ነገር ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ ማየት ነው፣ አንድ ቀን ብቻ ሞልቶ መተው ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ስለዚህ ጉዳይ ሥልጠና ስንወሰድ ቢሾፍቱ ሆቴል ይያዝልናል፣ ፓወርፖይንት ይከፈታል፣ "ራሳችሁን ተንከባከቡ፣ ውኃ ጠጡ፣ በረጅሙ ተንፍሱ" እንባላለን፣ ሻይ ዕረፍት ላይ ብስኩት እንበላለን። ሰኞ ስንመለስ አምስት አዲስ ኬዝ ኮሪደር ላይ ተቀምጧል። እኔ በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ ኦንታሪዮ 259 ቴራፒስቶች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር። ለመዝናናት፣ ራስን ለመንከባከብ፣ ለሱፐርቪዥን (ስለ ሥራው ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር መመካከር) የሚሰጡት ጊዜ ከትራውማ ምልክታቸው መጠን ጋር ግንኙነት አልተገኘለትም። ግንኙነት የተገኘለት በሳምንት ስንት ሰዓት ከትራውማ ተጎጂዎች ጋር እንደሚቀመጡ ነው። አንዴ ደግማችሁ አንብቡት። ሰዓቱ ነው።

ስለዚህ ሰዓታችሁን ቁጠሩ። ደብተር ያዙና ለአራት ሳምንት ከባድ ታሪክ ስትሰሙ የዋላችሁበትን ሰዓት ብቻ ጻፉ። ስብሰባ አይገባም፣ ሪፖርት አይገባም። ከዚያ ወደ አለቃችሁ ሂዱ። "ደክሞኛል" ካላችሁ "ማን ያልደከመው አለ" ትባላላችሁ። "በዚህ ወር ይህን ያህል አዲስ ኬዝ፣ ይህን ያህል ሰዓት" ካላችሁ ግን ቢያንስ ወረቀቱን ያየዋል። የምትጠይቁት ነገርም ቁርጥ ያለ ይሁን። የእኔ ሦስት ነበር፦ በቀን ከሁለት አዲስ ኬዝ በላይ አልቀበልም፣ በሁለት ከባድ ኬዝ መካከል አሥር ደቂቃ ይሰጠኝ፣ ከትራውማ ውጭ የሆነ ሥራም ይደባለቅልኝ፤ ፈተና የሚያስጨንቃት ተማሪም ሆነች ከሚስቱ ጋር የተጣላ ባል፣ ማንም ይሁን። ሁለቱን አገኘሁ። ሦስተኛው "እናየዋለን" ተባለ፣ እስከ ዛሬ እየታየ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ማንም የማይከለክላችሁ ነገር አለ። ሰው ሲያወራ ጆሮ ብቻ አይሰማም፣ አእምሮ ሥዕል ይሥላል። ዕቃውን የሚያመጣው ደግሞ ከራሳችሁ ቤት ነው። አንዲት ሴት "ወጥ ቤት ውስጥ ነበርኩ" ስትለኝ በዓይነ ሕሊናዬ የሣልኩት የኔን ወጥ ቤት ነበር፤ ቢጫው ጀሪካን፣ የተሰነጠቀው መደርደሪያ፣ ሁሉም አለ። ለሳምንት ያህል ማታ ወጥ ቤቴ ስገባ መብራት ሳላበራ እግሬን አላነሳም። ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። አሁን አንዲት ጥያቄ አለችኝ፣ በሆዴ ነው የምጠይቃት፦ "ይህ የማን ወጥ ቤት ነው?" የኔ ከሆነ ጀሪካኑን አወጣለሁ፣ መደርደሪያውን አወጣለሁ፣ ባዶ ክፍል አደርገዋለሁ። ቀልድ ይመስላል። ሞክሩት።

ከዚህ የሚብሰው "የኔ ልጅ ብትሆንስ?" የሚለው ነው። የጥሩ ሰው ምልክት ይመስለናል። ግን ሌላው ሰው ምን እንደሚሰማው ማሰብና ራስን በሱ ቦታ አድርጎ ማሰብ አንድ አይደሉም። ይህ እ.ኤ.አ. በ1997 በሙከራ ታይቷል፤ ሁለቱም ርኅራኄ ያመጣሉ፣ ራስን እዚያ ቦታ ማስቀመጥ ግን የራስን ጭንቀትም አስከትሎ ይመጣል። ስትጨነቁ ደግሞ ለተገልጋይዋ መሆናችሁ ይቀራል፣ ራሳችሁን ማስታመም ትጀምራላችሁ። ስለዚህ ሐሳቡ ሲመጣ ወደ እሷ ተመለሱ፦ እጇ ምን እያደረገ ነው፣ ነጠላዋን ለምን ታጥፋለች፣ አሁን ምን ያስፈልጋታል።

ሰውነታችሁንም እዩት። የምንሰማውን ሰው ሳናውቀው እንመስላለን፤ እሷ ትከሻዋን ስትሰበስብ እኛም እንሰበስባለን፣ ትንፋሿን ስትይዝ እንይዛለን። መምሰሉ ለመረዳት ይጠቅማል። ሰዓት ሙሉ ከሆነ ግን ተሸክማችሁት ትወጣላችሁ። በየመሃሉ ጀርባችሁን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጉ፣ እግራችሁን መሬት አስረግጡ፣ ለመጻፍ አስመስላችሁ እጃችሁን አንቀሳቅሱ።

ሁሉን ዝርዝር መስማትም ግዴታ አይደለም። ተጎጂዋ ለሐኪሙ ተናግራለች፣ ለፖሊስ ተናግራለች፣ ለዐቃቤ ሕጉ ልትናገር ነው፣ አሁን ደግሞ እኛ ቅጽ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ልንጠይቃት? የተመዘገበውን አንብባችሁ ግቡ። ልትነግራችሁ ከፈለገች ስሙ። እናንተ ግን ቅጽ ለመሙላት ብላችሁ አትቆፍሩ። ለእሷም ለእናንተም ዕረፍት ነው።

ስለ ቡናም ልናገር፣ ብዙዎቻችን የምንጋባባው እዚያ ነው። አቦሉ ሳይወርድ "ስሚ ዛሬ የመጣችውን..." ይባላል፣ ሳይጠየቅ፣ ሳይታሰብ፣ ደሙም ቢላውም ሲኒው መሃል ይፈስሳል። ተናጋሪዋ ቀለል ይላታል። አራታችን ደግሞ ይዘነው እንገባለን። ማውራት ተዉ አልልም፣ ማውራት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ግን አስጠንቅቁ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ከዚያ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ንገሩ። እኛ ቢሮ አሁን እንዲህ ነው፦

"አንድ ከባድ ኬዝ አለኝ፣ ጉዳዩ ሕፃን ነው። ማውራት እፈልጋለሁ፣ ትችያለሽ?"

"ዛሬ አልችልም። ነገ ጠዋት ልምጣ?"

በቃ፣ ማንም አይቀየምም። ስናወራ ደግሞ የተደረገውን በዝርዝር ከማውራት "ምን አደረገኝ" የሚለውን እናወራለን።

ሱፐርቪዥን ያላችሁ ታድላችኋል። ብዙ ቦታ ሱፐርቪዥን የሚባለው ስንት ፋይል ዘጋሽ የሚል ጥያቄ ነው። ከሌላችሁ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። የተገልጋይ ስም አይነሳም፣ የተባለው እዚያው ይቀራል፣ ስልክ ይዘጋል። የጋሼን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያወራሁት እዚያ ነው። አፍሬ ነበር። አንዷ ሳቀችና "እኔ ልጄን ዋና አላስተምርም ብዬ ከባሌ ጋር ሦስት ወር ተኳርፌያለሁ፣ አሠልጣኙ ወንድ ስለሆነ" አለች። ሌላዋ ዝም አለች፣ ከዚያ አለቀሰች። በሳምንቱ ከልጄ ጋር ዳቦ ቆሎ ይዘን ጋሼ ቤት ሄድን። ይቅርታ የጠየቅሁበትን ምክንያት አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

አስተርጓሚዎቻችሁን አትርሱ። ተፈናቃዮች ባሉበት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። አስተርጓሚው የሚናገረው "እሷ እንዲህ ሆነች" ብሎ አይደለም፣ "እንዲህ አደረጉኝ" እያለ በራሱ አፍ ነው። ቀኑን ሙሉ እኔ፣ እኔ፣ እኔ። ሥልጠና ላይ ግን አይጠራም። ከሴሽን በኋላ አምስት ደቂቃ አብራችሁት ቁጭ በሉ።

የራስ ቁስል ያለበት ባለሙያም አለ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015፣ ራሱ ተፈናቅሎ ወይም ዘመዱን ቀብሮ የሌላውን ሰው ሲያጽናና የነበረ ባለሙያ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ታሪኩ ከራሱ ጋር ሲገጥምበት "ይህን ኬዝ ሌላ ሰው ይያዝልኝ" ማለት መቻል አለበት፣ ምክንያት ሳይጠየቅ። እኛ አገር ደግሞ "ቻለው" ይባላል። "ጽድቅ ነው" ይባላል። በጽድቁ አልከራከርም፤ ግን ለተገልጋይ የግል ስልክ ቁጥር መስጠትና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ማንሳት ጽድቅ አይደለም። የሥራ ሲም ካርድ ለብቻው አውጡ፣ ማታ አጥፉት፣ የድንገተኛ ጊዜ ማን ጋ እንደሚደወል ቀድማችሁ ንገሩ። ለታክሲ ከኪሳችሁ መስጠትም እንዲሁ ነው። እኔ አንድ ወር ቆጥሬ ደንግጫለሁ። ቢሮው ለዚያ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ይመድብ።

ቅዠቱ፣ መደንበሩ፣ ከሰው መሸሹ ከወር በላይ ከቆየ ግን በቡድን ወሬ አይለቅም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት አምስተኛው የአእምሮ ሕመም መመሪያ ላይ በሥራ ምክንያት የሰው ሰቆቃ ደጋግሞ በዝርዝር መስማትም ለፒቲኤስዲ (ከትራውማ በኋላ ለሚመጣው የጭንቀት ሕመም) መነሻ ሊሆን እንደሚችል ተጽፏል። ስለዚህ ባለሙያ ጋ ሂዱ። "እኔ ራሴ ባለሙያ ነኝ" አይባልም፤ የጥርስ ሐኪም የራሱን ጥርስ አይነቅልም።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ቦጎታ ውስጥ የፖለቲካ ጥቃት ከደረሰባቸው ሰዎች ጋር የሚሠሩ ቴራፒስቶች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር። ከሰው የሚጋባው ቁስል ብቻ እንዳልሆነ፣ ጥንካሬም እንደሚጋባ ያሳያል። ግን ካላስተዋሉት ያልፋል። ያ ሰዓት የምቆጥርበት ደብተር ከኋላው ሌላ ገጽ አለው። ስም የለበትም፣ ዝርዝር የለበትም። ያለፈው ወር ይህን ይላል፦

"ማክሰኞ። ብቻዋን መጣች። ዛሬ እናቷ አላመጣቻትም።"

"ሐሙስ። ሳቀች፤ በኔ ነው የሳቀችው፣ እስክሪብቶዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ስፈልገው።"

"ዓርብ። ጫማዋን አሳየችኝ። አዲስ ነው።"