ከድሬዳዋ ደንገጎን ወጥቶ እስከ ጭሮ፦ የአራት ቀን የብስክሌት ጉዞ እንዴት ይሰናዳል?

የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ወደ ሐረር ሳይወጣ የቀረው ተራራው ስለከበደው ነው፤ ድሬዳዋም እንደ ከተማ የቆመችው በዚሁ ምክንያት ነው። ባቡሩ የሸሸው ዳገት ዛሬ አስፋልት ለብሶ፣ ከድሬዳዋ የ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ በ20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የደንገጎ አፋፍ ያደርሳል። ከደንገጎ መንገዱ በአንድ በኩል ወደ ሐረርና ባቢሌ፣ በሌላ በኩል በቁልቢና በጨለንቆ አድርጎ ወደ ሂርናና ጭሮ ስለሚዘልቅ፣ ደጋፊ መኪና ላለው የብስክሌተኞች ቡድን የአራት ቀን ጉዞ ይወጣዋል። ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር ይህን መንገድ ደጋግሜ ሄጄበታለሁ፤ እንዳየሁትም ጉዞ የሚበላሸው በእግር ድካም ሳይሆን መኪናውና ጋላቢዎቹ ሳይነጋገሩ በመውጣታቸው ነው። ስለሆነም ስለ መኪናው ጉዳይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

በቅድሚያ ወቅቱን መምረጥ ያስፈልጋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ዝናቡ የቀነሰበት፣ ቆላው ከሌላው ወቅት የሚቀልበት፣ ደጋውም ጠዋት ጠዋት የሚቀዘቅዝበት ስለሆነ የሚሻለው እርሱ ነው። በክረምት ግን የደንገጎ አፋፍ በጉም ሲሸፈን ከፊት የሚመጣው ከባድ መኪና መብራቱን ካላበራ አይታይም፤ በዚህ ጊዜ በብስክሌት መውጣት ጀግንነት አይባልም። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ስለሆነ በዚያ ሰሞን መንገዱ በእግረኛ ምዕመናንና በአውቶቡስ ይሞላል፣ ማደሪያም አይገኝም። ለሐምሌ 19ም እንደዚሁ ነው። ለመሳለም የሚሄድ ሰው በዚያው ቀን ይሂድ፣ ለብስክሌት የሚወጣ ግን ቢያንስ አንድ ሳምንት ያራርቀው። ጉዞው በረመዳን ከዋለ ደግሞ በመንገዱ ላይ ባሉት ከተሞች ብዙው ምግብ ቤት ቀን ዝግ መሆኑን አስቦ ስንቁን በሙሉ በመኪና መያዝ ይገባል፤ በሚጾም ሰው ፊት ቆሞ ውሃ ከመጎንጨትም መቆጠብ ከጨዋ ይጠበቃል።

ዝግጅቱን በተመለከተ፣ የድሬዳዋ ልጅ በብስክሌት ላይ ቢያድግም ያደገው በከዚራና በሳቢያን ሰፈሮች ሜዳ ላይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ሜዳ ላይ ሁለት ሰዓት የሚጋልብ ሰው ዳገት ላይ በአርባ ደቂቃ ሊሰበር ይችላል። ከጉዞው በፊት ባሉት ሁለት ወራት በሳምንት አንድ ቀን የደንገጎን መንገድ ግማሽ ድረስ ወጥቶ መመለስ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እስከ አፋፉ መድረስ በቂ ልምምድ ነው። የልምምዱ ዓላማ ፍጥነት ሳይሆን አንድ ዓይነት አተነፋፈስ መያዝ ነው፦ አጠገብ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መነጋገር ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ሰው ደንገጎን በሁለት ሰዓት ገደማ ይጨርሳል፤ ይህ የሚያሳፍር ፍጥነት አይደለም። በቴሌቪዥን የአውሮፓን ተራሮች እያየ ለሚጎመጅ ሰው መለኪያ ካስፈለገም፣ 48 እጥፋት ያለው የጣሊያኑ ስቴልቪዮ በፕራቶ በኩል በ24 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,800 ሜትር ያህል ወጥቶ 2,757 ሜትር ላይ ይደርሳል፤ ይህም ደንገጎን ሳያርፉ ሁለት ጊዜ እንደመውጣት ነው። ስለዚህ ወደዚያ የመሄድ ሕልም ላለው ሁሉ ደንገጎ ደጃፉ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ነው።

ብስክሌቱ ቀላል ማርሽ ሊኖረው ይገባል። ከፊት 34 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 32 ወይም 34 ጥርስ ያለው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ከባድ ማርሽ ይዞ ዳገትን በጉልበት ማሸነፍ የሚፈልግ በሦስተኛው ቀን ጉልበቱን ያመዋል። ጎማው 28 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም በአስፋልቱ ጠርዝ ያለው ጠጠርና ስብርባሪ ቀጭን ጎማን አይምርም። የፍሬኑ ሸራ ከጉዞው በፊት አዲስ መሆን አለበት። በየከተማው ጎሚስታ አይጠፋም፣ ሆኖም የመኪናና የባጃጅ ጎማ እንጂ የእሽቅድድም ብስክሌት የውስጥ ጎማ በእጁ ስለማይኖር ለእያንዳንዱ ጋላቢ ሦስት መለዋወጫ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ አንድ ትርፍ ሰንሰለት ከድሬዳዋ ተይዞ መሄድ አለበት።

ወደ መኪናው እንምጣ። ለስድስት ወይም ለስምንት ጋላቢ አንድ ሚኒባስ ወይም ኋላው ክፍት የሆነ ፒክአፕ ይበቃል፤ ከስምንት በላይ ሲሆኑ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሰው ርቀት ስለሚሰፋ አንድ ሾፌር ሁሉንም ማየት አይችልም። ሾፌሩ ሲመረጥ የመጀመሪያው መለኪያ ትዕግሥት ነው። ቀኑን ሙሉ አምስት ኪሎ ሜትር ነድቶ መቆም፣ መጠበቅ፣ እንደገና አምስት ኪሎ ሜትር መንዳት ለለመደ ሾፌር አሰልቺ ሥራ ነው። የበርጫ ሰዓቱም አስቀድሞ ይነገርበት፤ ጋላቢዎቹ ዳገት ላይ ሳሉ ሾፌሩ ጥላ ፈልጎ ከጠፋ፣ ደጋፊ መኪና ተከራይተናል ማለት ዋጋ የለውም።

ብዙዎች መኪናው ከኋላ ተጠግቶ ቢከተል የተጠበቁ ይመስላቸዋል። በሜዳና በሰፊ መንገድ ላይ ይህ ያስኬዳል። በደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ ግን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚያዘግም መኪና ከኋላው አይሱዙና ሲኖትራክ ያሰልፋል፤ የተሰለፈውም ሾፌር ትዕግሥቱ ሲያልቅ መታጠፊያ ላይ ደርቦ ይቀድማል፣ አደጋውም ያኔ ይመጣል። የሚሻለው መኪናው ቀድሞ ሄዶ፣ ከአስፋልቱ መውጣት በሚቻልበት ሰፊ ቦታ ላይ አራቱን ፍሬቻ አብርቶ ቆሞ፣ የመጨረሻው ጋላቢ እስኪያልፍ ጠብቆ እንደገና መቅደም ነው። ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ መኪናው የመጨረሻውን ሰው ሳይቆጥር ከቦታው አይነሳም። ይህን ሕግ የተማርነው ተቀጥተን ነው። በአንድ ጉዟችን ሾፌራችን አምስት ሰው ቆጥሮ ስድስተኛው ያለፈ መስሎት ወደ ሐረማያ ወረደ፤ ስድስተኛው እኔ ነበርኩ። ጎማዬ ሁለት ጊዜ ተንፍሷል፤ መንፊያውም ጃኬቱም ያለው መኪናው ውስጥ ነው። ስልኬ ኔትወርክ አጥቶ ከአንድ ሰዓት በላይ በጉም ውስጥ ስንቀጠቀጥ፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝና ምንም ሳይናገር አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጋላቢ አንድ የውስጥ ጎማ፣ አነስተኛ መንፊያ፣ ስስ የንፋስ መከላከያና ጥቂት ብር በኪሱ ሳይዝ አይነሳም፤ መኪና ቢኖርም።

የመጀመሪያው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት መጀመር አለበት። ድሬዳዋ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሚለቋት ከተማ አይደለችም፤ ከረፋዱ 3 ሰዓት በፊት አፋፉ ላይ ያልደረሰ ጋላቢ ዳገቱን ብቻ ሳይሆን ሙቀቱንም ነው የሚወጣው። በባዶ ሆድ መውጣት አይገባም፣ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ፈጢራ መብላትም ከባድ ነው፤ ሙዝና ሻይ፣ ወይም በስኳር የተበጠበጠ በሶ ይስማማል። በሶ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ስንቅ ይመስለኛል፦ አይበላሽም፣ በጠርሙስ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ሆድም አይከብድም። በመንገድ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ሳይራብ ጥቂት መቅመስ፣ በሰዓት ከግማሽ ሊትር ያላነሰ ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል። ብዙ ላብ ለሚያልበው ሰው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ መስጠት ይቻላል፤ ልኩ እንዳይሳሳት ግን ሌሊቱን ቤት ውስጥ ተለክቶ ቢዘጋጅ ይሻላል፤ ጨው የበዛበት መጠጥ ራሱ ሕመም ያመጣልና።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ላቡ ሳይደርቅ ጃኬት መልበስ፣ አሥር ደቂቃ አርፎ መቀጠል ነው። ከዚያ ያለው መንገድ ከፍ ዝቅ እያለ በሐረማያ ሐይቅ አጠገብ ያልፋል። ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ በኋላ ውሃው በከፊል የተመለሰ ስለሆነ፣ የሚያዩት ነገር በየዓመቱ ሊለያይ ይችላል። አወዳይ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፦ የጫት ገበያው ሲደምቅ መንገዱ በሰው፣ በባጃጅና በጥድፊያ በሚነሱ የጫት መኪኖች ይጨናነቃል። ጫት የጫነ መኪና ቅጠሉ ሳይጠወልግ መድረስ ስላለበት ለማንም አይቆምም፤ የመኪናው ጥሩምባ ከኋላ ሲሰማ መብት መከራከሩን ትቶ ወደ ዳር መውጣት ይገባል። እስከ ሐረር ጠቅላላው ጉዞ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ጀጎል በር ላይ መድረስ ይቻላል፤ ከሰዓት በኋላውን ለመኝታና ከቡና ቅጠል ለሚፈላው ለቁጢ መተው ነው። ማታ ጅብ ሲበላ ለማየት የሚወጣ በእግሩ ወይም በባጃጅ ይሂድ።

ሁለተኛው ቀን ወደ ባቢሌ ነው፤ ቀለል ያለ ቀን ነው። ጠዋት ቁልቁለት ስለሚበዛው ያስደስታል፤ ከባቢሌ አለፍ ብሎ በዳከታ ሸለቆ አንዱ ድንጋይ በሌላው አናት ላይ በሚዛን ቆሞ ይታያል። ችግሩ የጠዋቱ ቁልቁለት ከሰዓት በኋላ በሙቀት ውስጥ ዳገት ሆኖ መጠበቁ ነው፤ ስለዚህ ሲመለሱ ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኖ፣ የባቢሌን ለውዝ እየቆረጠሙ ወደ ሐረር መግባት ይሻላል።

ሦስተኛው ቀን ከሁሉም ይረዝማል። ከሐረር ወደ ደንገጎ መገንጠያ ተመልሶ፣ በቁልቢ አልፎ ጨለንቆ ድረስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደቡቡ ጥርት ሲል ከ3,300 ሜትር በላይ የሚሆነው ጋራ ሙለታ ይታያል። ጨለንቆ የምኒልክ ጦርና የአሚር አብዱላሂ ጦር በ1879 ዓ.ም. የተዋጉበት ሥፍራ ስለሆነ ዕረፍቱን እዚያ ማድረግ መልካም ነው፤ ለማደር ግን ሂርና ድረስ በመኪና መሄድ ይመረጣል። አራተኛው ቀን ከሂርና ወደ ጭሮ ነው፤ ርቀቱ ካለፈው ቀን ቢያንስም በጨርጨር ተራሮች ውስጥ መውጣትና መውረዱ የተፈራረቀበት ነው።

ስለ ቁልቁለት ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ዳገት ያደክማል እንጂ ሰው አይጥልም። ፍሬንን ያለማቋረጥ ጨብጦ መውረድ የቸርኬውን ጠርዝ ስለሚያግለው የውስጥ ጎማ ሊፈነዳ ይችላል። ትክክለኛው አወራረድ ከመታጠፊያው በፊት ሁለቱንም ፍሬን ጠበቅ አድርጎ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከዚያ ለቆ መታጠፍ፣ በቀጥታው ላይ ጠርዙን ማቀዝቀዝ ነው። ዓይን ከፊት ጎማ ሥር ሳይሆን መታጠፊያው ወደሚያልቅበት ይመለከታል። ፍየልና አህያ በድንገት መንገድ ስለሚያቋርጡ በየመንደሩ መግቢያ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ሰላምታ ሲሰጡም በቁልቁለት ላይ እጅን ከመሪው አንስቶ መመለስ አይገባም፣ «አካም» ብሎ በድምፅ መመለስ ይበቃል።

ከመነሻው በፊት በነበሩት ቀናት የመንገዱን ፀጥታ በየከተማው ካሉ ሰዎችና ከትራፊክ ፖሊስ መጠየቅ፣ የጉዞውን ቀንና መስመር ማሳወቅ ከማንኛውም ዕቃ ይቀድማል፤ ቁርጥ መልስ ካልተገኘ ቀኑን ማዛወር ነው።

ጭሮ ላይ ብስክሌቶቹ ወደ ድሬዳዋ ለመመለስ ሲጫኑ ሁሉም ደክሞት ስለሚቸኩል ብዙ ዕቃ የሚጎዳው ያኔ ነው። የፊት ጎማዎቹ ይፈቱ፤ ብስክሌቶቹ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ዞረው በመሃላቸው ካርቶን ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ይግባ፤ ፔዳሉ የሌላውን ሽቦ እንዳይነካ ተፈትቶ በየባለቤቱ ከረጢት ይቀመጥ። የጎማ ማሰሪያ ብሎኖቹ ደግሞ በላስቲክ ታስረው ሾፌሩ አጠገብ ባለው መሳቢያ ይግቡ፤ በእኛ ቡድን አንዱ ጓደኛችን ኪሱ ከቶት ሱሪውን ለአጣቢ ሰጥቶ ሁለት ሳምንት ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።