ላፕቶፕን በማዘንበልና በጣት መታ በማድረግ ማዘዝ

ላፕቶፑን ከጎኑ መታ ስታደርጉት ዴስክቶፑ ይቀየራል፤ ወደ ግራ ስታዘነብሉት ጌሙ ውስጥ ያለችው መኪና ወደ ግራ ትታጠፋለች። ሥራ አያፋጥንም፣ ግን ደስ ይላል። የሚያስፈልገው አክስለሮሜትር (እንቅስቃሴንና ማዘንበልን የሚለካ ሴንሰር) ያለው ማሽንና ትንሽ የፕሮግራም ችሎታ ነው።

መጀመሪያ ሴንሰሩ መኖሩን አረጋግጡ። ሁለት ዓይነት ላፕቶፖች ላይ ይገኛል። አንደኛው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያላቸው የቆዩ ማሽኖች ናቸው፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በቲንክፓድ፣ አፕል ከ2005 ጀምሮ በፓወርቡክ ያስገቡት፣ ማሽኑ ሲወድቅ የዲስኩን ማንበቢያ ራስ ከሳህኑ ላይ ለማንሳት ነበር። ሁለተኛው ስክሪናቸው ተገልብጦ ታብሌት የሚሆኑት ናቸው፤ እነሱ ላይ የስክሪኑን አቅጣጫ ለማዞር ያገለግላል። ከነዚህ ውጭ ያለ፣ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ብቻ የተገጠመለት ተራ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ የለውም።

ሊኑክስ ላይ ማጣራቱ ቀላል ነው። ሲስ በሚባለው ማውጫ ሥር ባስ፣ ከዚያ አይአይኦ (የሊኑክስ የሴንሰሮች ክፍል)፣ ከዚያ ዲቫይስስ ግቡ (/sys/bus/iio/devices)። እዚያ ባሉት ማውጫዎች ውስጥ ስማቸው አክስል (accel) የሚል ቃል የያዘ የኤክስ፣ የዋይና የዜድ ፋይሎች ካገኛችሁ ሴንሰሩ አለ። ፋይሎቹ የሚሰጡት ጥሬ ቁጥር ነው፤ አጠገባቸው ባለው የስኬል ፋይል ቁጥር ስታባዙት በሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይወጣል። ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከሦስቱ አንዱ ወደ 9.8 መጠጋት አለበት፤ ያ የመሬት ስበት ነው። የመደመር ይሁን የመቀነስ ምልክት እንደ ማሽኑ ይለያያል። የቆዩ ቲንክፓዶችና ኤችፒዎች ላይ ደግሞ የሊኑክስ ድራይቨሩ ሴንሰሩን ጆይስቲክ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ስለዚህ ጆይስቲክ የሚቀበል ጌም ያለ ምንም ኮድ ሊጫወቱበት ይቻላል። ዊንዶውስ ላይ ሴንሰሩን በክሮም ወይም በኤጅ በኩል በጃቫስክሪፕት ማንበብ ይቻላል፤ ገጹ ግን በኤችቲቲፒኤስ ወይም ከራሱ ከማሽኑ ካልተከፈተ ብራውዘሩ ይከለክላል።

ከሁሉ በፊት የስክሪኑን አቅጣጫ ቆልፉት። አለዚያ ማሽኑን ስታዘነብሉ ስክሪኑ ራሱ ዞሮ ቁጭ ይላል፣ ስህተቱንም ኮዳችሁ ውስጥ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ሌላው ማሳሰቢያ፦ የሚሽከረከር ዲስክ ያለበትን ማሽን እየመታችሁ አትጫወቱ። ሴንሰሩ እዚያ የገባው እንዲህ ካለው ምት ዲስኩን ለመጠበቅ ነው፤ ጥበቃው ሥራ በጀመረ ቁጥር ዲስኩ ማንበቡን ያቆማል፣ ማሽኑም ለአፍታ ይደርቃል። ዲስኩን አስቀድማችሁ በኤስኤስዲ ቀይሩ።

ከማዘንበል ጀምሩ፣ እሱ ይቀላል። ፕሮግራሙ ሲነሳ ማሽኑን ሳትነኩ ለ2 ሰከንድ ቁጥሮቹን ያንብብና አማካያቸውን እንደ ዜሮ ይያዝ። ይህን የምናደርገው ብዙ ማሽኖች ላይ ሴንሰሩ ከስክሪኑ ጀርባ ስላለ ነው፤ ክዳኑን በትንሹ ባነሳችሁት ቁጥር የፊትና ኋላው ቁጥር ይለወጣል። ክዳኑን ካንቀሳቀሳችሁ ዜሮውን እንደገና ውሰዱ። በጎን 5 ዲግሪ ማዘንበል 0.85 ያህል ለውጥ ይሰጣል፣ 10 ዲግሪ 1.7፣ 30 ዲግሪ 4.9። ከ3 ዲግሪ በታች ያለውን ቸል በሉት፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ማዘንበሉ ቁልፍ እንዲጫን ከሆነ የምትፈልጉት፣ በ8 ዲግሪ ይጫን፣ የሚለቀው ግን ከ4 በታች ሲወርድ ይሁን። መጫኛውና መልቀቂያው አንድ ቁጥር ከሆነ እዚያ ድንበር ላይ ቁልፉ ሳያባራ ይጫናል ይለቀቃል። ቁጥሩ ከዘለለባችሁ የድሮውን አማካይ በ0.9፣ አዲሱን ንባብ በ0.1 አባዝታችሁ ደምሩ። ከዚህ በላይ ካለሰለሳችሁት ግን መኪናዋ ዘግይታ ትታጠፋለች።

ምቱ ነው የሚያስቸግረው። አንድ የጣት ምት በጥቂት ሚሊሰከንድ ያልቃል፤ በሰከንድ 10 ጊዜ የሚያነብ ፕሮግራም አብዛኛውን አያየውም። በሰከንድ 100 ንባብ ጥሩ ነው፣ 50 በግድ ይበቃል። በአንዳንድ ማሽኖች ፋይሎቹን እየከፈቱ ማንበብ ለዚህ ፍጥነት አይደርስም፤ ያኔ አይአይኦ የሚሰጠውን በፈር (ንባቦችን አጠራቅሞ በአንድ ላይ የሚሰጥ ጊዜያዊ ማከማቻ) ተጠቀሙ።

ገደቡን በግምት አታስቀምጡ፣ ለኩት። ለአንድ ደቂቃ እንደ ልማዳችሁ እየጻፋችሁ፣ እያንዳንዱ ንባብ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ መዝግቡና ትልቁን በ1.5 አባዙ። ትልቁ 0.8 ከሆነ ገደባችሁ 1.2 ነው። አሁን አንድ ምት ምን እንደሚመስል እዩ፦ 0.1፣ 0.0፣ 2.9፣ −2.1፣ 1.3፣ −0.6፣ 0.1። እጃችሁ የመታው አንዴ ነው፣ ገደቡ ግን ሦስት ጊዜ ታልፏል፤ የላፕቶፑ አካል ከተመታ በኋላ ወዲያ ወዲህ ስለሚርገበገብ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ምት በኋላ ፕሮግራሙ ለ300 ሚሊሰከንድ ጆሮውን ይድፈን። ሁለት ተከታታይ ምት እንደ አንድ ትእዛዝ እንዲቆጠር ከፈለጋችሁ ጊዜውን ወደ 120 አውርዱና ሁለተኛውን ምት እስከ 500 ጠብቁ። የቀኝና የግራው ጉዳይ ከመጀመሪያው ቁጥር ምልክት ይታወቃል፤ ከግራ ሲመታ አካሉ ወደ ቀኝ ይገፋልና። ቀስ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም የመጀመሪያዋን ጫፍ ዘሎ ሁለተኛዋን ስለሚይዝ አቅጣጫውን ይገለብጠዋል። ምታችሁ አንዳንዴ በተቃራኒው ከተነበበ ከኮዱ በፊት የንባቡን ፍጥነት ጠርጥሩ።

የምትመቱት የታችኛውን አካል ጠርዝ፣ ከመዳፍ ማረፊያው ጎን ነው፤ ስክሪኑን አይደለም። ስክሪን ሲመታ ክዳኑ በማጠፊያው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይወዛወዛል፣ ፓነሉም አይወደውም። ጭን ላይ ያለ ላፕቶፕ ምቱን ይውጠዋል፤ ጠረጴዛ ላይ የተለካ ገደብ እዚያ አይሠራም።

ምቱ ከተለየ በኋላ ወደ ቁልፍ መቀየር ይቀራል። ሊኑክስ ላይ ስክሪኑን የሚያስተዳድረው ሥርዓት ኤክስ11 ከሆነ፣ ቁልፍ የተጫነ የሚያስመስለው ኤክስዱቱል የተባለ ፕሮግራም ይበቃል። አዲሱ ሥርዓት ዌይላንድ ላይ ዋይዱቱልን ተጠቀሙ፤ እሱ በዩኢንፑት (ሊኑክስ ምናባዊ ኪቦርድ የሚፈጥርበት መንገድ) በኩል ስለሚያልፍ ፈቃድ ካልሰጣችሁት ዝም ይላል። ትእዛዙ አንድ ቁልፍ ተይዞ ሲቆይ ብቻ እንዲሠራ ብታደርጉ ይመረጣል፤ አለዚያ ኩባያ ባስቀመጣችሁ ቁጥር ዴስክቶፑ ይቀየራል። ፋይል መሰረዝን ወይም መልእክት መላክን ከምት ጋር አታያይዙ።

ሴንሰር የሌለው ማሽን ላላችሁ፣ አክስለሮሜትር ያለበትን ኤምፒዩ-6050 የተባለውን ቦርድ አርዱዪኖ ሊዮናርዶ (ፕሮግራም የሚጻፍለት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ላይ ማሰር ይቻላል፤ ሊዮናርዶ ራሱን እንደ ኪቦርድ ስለሚያስተዋውቅ ላፕቶፑ ላይ ምንም አይጫንም። በአራት ሽቦ ይገናኛል፦ ኃይል፣ ግራውንድ፣ ኤስዲኤ (የመረጃ መስመር) እና ኤስሲኤል (የሰዓት ምልክት መስመር)። ቦርዱን በባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር ከላፕቶፑ አካል ጋር አጥብቃችሁ ለጥፉት። ስፖንጅ ያለውን ፕላስተር ተዉት፤ ምቱን ይውጣል። ልቅ ሆኖ የተንጠለጠለ ቦርድ ደግሞ አንዱን ምት አምስት አድርጎ ይቆጥራል።